ከመጨረሻው ደወል በኋላ፦ ለአፍላ ወጣቶች የሚሰጥ የማኅበራዊና የስሜት ክህሎት ትምህርት

የዕለቱ የመጨረሻ ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ሲወጡ የትምህርት ሰዓት እንዳበቃ ይቆጠራል። ይሁንና ከዚያ ሰዓት አንስቶ ወላጆች ከሥራ እስከሚመለሱበት ድረስ ያለው ጊዜ፣ ለአንድ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ጓደኛ የሚያፈራበት፣ የሚጣላበት፣ የሚታረቅበት፣ ክፉና በጎውንም የሚሞክርበት ጊዜ ነው። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥባቸው አካባቢዎች ደግሞ ይህ ጊዜ የቀኑን እኩሌታ ይይዛል።

ይህን ጊዜ በአግባቡ ለመጠቀም በልዩ ልዩ አገሮች ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ፣ ከመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውጪ በሚካሄዱ መርሐ ግብሮች የማኅበራዊና የስሜት ክህሎቶችን ማስተማር ነው። በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች በዋነኛነት የሚያስገነዝቡት፣ ልጆችን ከመንገድ አንስቶ በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ ብቻውን ለውጥ እንደማያመጣና ክህሎቱም እንደ ማንኛውም ትምህርት በዕቅድና በልምምድ ሊሰጥ እንደሚገባው ነው። ይህ ጽሑፍ የክህሎቶቹን ምንነት፣ መርሐ ግብሮቹን ውጤታማ የሚያደርጓቸውን ነጥቦች፣ እንዲሁም በአሜሪካና በአገራችን የተገኙ ተሞክሮዎችን ይዳስሳል።

የአፍላነት ዕድሜ ባሕርይ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ የጉርምስና ዘመን አድርጎ ይወስደዋል። ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በዚህ ወቅት የልጁ አካል በፍጥነት ይለወጣል፤ የእኩዮች አስተያየት ከወላጅና ከመምህር ቃል ባልተናነሰ ሁኔታ መከበር ይጀምራል፤ "ማን ነኝ?" የሚለው ጥያቄም በልጁ አእምሮ ውስጥ ቦታ ያገኛል።

የአንጎል ሳይንስ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ በዚህ ዕድሜ ስሜትን የሚያነሳሱት የአንጎል ክፍሎች በከፍተኛ ደረጃ ንቁ ሲሆኑ፣ ማመዛዘንንና ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን ዕድገቱን የሚያጠናቅቀው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። በመሆኑም ተረጋግቶ ሲጠየቅ በትክክል የሚያመዛዝን ልጅ፣ ጓደኞቹ ባሉበትና ስሜቱ በተነሳሳበት ሰዓት ያንኑ ማመዛዘን ሊቸገር ይችላል። "ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" የሚለውን አገርኛ አባባል በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ፣ በተሰደበ ጊዜ እጁን ለመግታት ያውቅበታል ማለት አይደለም። በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ይህ ክፍተት የሚጠበበው በልምምድ ነው።

ክህሎቶቹ ምን ምን ናቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባወጣቸው ሰነዶች፣ በአገራችንም "የሕይወት ክህሎት" በሚል ስያሜ የሚታወቁትን አሥር መሠረታዊ ክህሎቶች ዘርዝሯል። እነዚህም ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ የፈጠራ አስተሳሰብ፣ በጥልቀት መመርመር፣ ተግባቦት፣ ከሰዎች ጋር መልካም ግንኙነት መመሥረት፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ስሜትን መቆጣጠርና ጭንቀትን መቋቋም ናቸው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተውና "ኬዝል" በሚለው ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ተቋም ደግሞ ክህሎቶቹን በአምስት ዘርፎች ጠቅልሎ ያቀርባቸዋል። የመጀመሪያው ራስን ማወቅ ሲሆን፣ ልጁ የራሱን ስሜት፣ ጥንካሬና ድክመት ለይቶ እንዲያውቅ ያስችለዋል። ሁለተኛው ራስን መምራት ነው፤ ንዴትን ማብረድን፣ ለግብ መጽናትንና ጊዜን በአግባቡ መጠቀምን ያካትታል። ሦስተኛው የሌሎችን ስሜትና አኗኗር መረዳት፣ አራተኛው መልካም ግንኙነት መመሥረትና አለመግባባትን መፍታት፣ አምስተኛው ደግሞ ውጤቱን አስቀድሞ በማሰብ ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ መስጠት ነው።

እነዚህ ክህሎቶች ለኅብረተሰባችን እንግዳ አይደሉም። በሽምግልና ሥርዓት ሽማግሌዎች ተበዳይንም በዳይንም በተራ አድምጠው፣ ነገሩን አብርደው ወደ እርቅ የሚያመሩበት አካሄድ የዚሁ ጥበብ መገለጫ ነው። ልዩነቱ ልጆች ይህን ጥበብ ከሩቅ ሆነው ከመመልከት ባለፈ ራሳቸው የሚለማመዱበት ዕድል እምብዛም የማያገኙ መሆናቸው ላይ ነው።

መሰብሰብ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት "የ21ኛው ክፍለ ዘመን የማኅበረሰብ የትምህርት ማዕከላት" በተሰኘው መርሐ ግብር አማካይነት ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለሚሰጡ አገልግሎቶች ከፍተኛ ገንዘብ መድቧል። ይሁንና መንግሥት ያሠራውና የመጀመሪያ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነው ግምገማ፣ ማዕከላቱ በተማሪዎች የትምህርት ውጤት ላይ ያስገኙት ለውጥ ውስን መሆኑን አመለከተ። በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች በማዕከላቱ የሚገኙባቸው ቀናት ጥቂት መሆናቸውም በሪፖርቱ ተገልጿል። ውጤቱ በአገሪቱ ብርቱ ክርክር አስነስቶ ነበር።

ለጥያቄው የተሻለ ምላሽ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የጆሴፍ ዱርላክ፣ የሮጀር ዋይስበርግና የሞሊ ፓቻን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የልጆችን ግላዊና ማኅበራዊ ክህሎት ለማሳደግ ዓላማ የነበራቸውን 69 የተለያዩ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚካሄዱ መርሐ ግብሮች ውጤት አሰባስበው መርምረዋል። በጥቅሉ ሲታይ ተሳታፊዎቹ ለራሳቸው ያላቸው አመለካከት፣ ለትምህርት ቤታቸው ያላቸው ፍቅርና የትምህርት ውጤታቸው ተሻሽሎ፣ የሥነ ምግባር ችግራቸው ቀንሶ ተገኝቷል። መርሐ ግብሮቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ሲታዩ ግን ጎልቶ የወጣ ልዩነት ታየ። ውጤት ያስመዘገቡት አራት ነጥቦችን አሟልተው የተገኙት ብቻ ሲሆኑ፣ ነጥቦቹን ያላሟሉት መርሐ ግብሮች ተጠቃሽ ለውጥ አላመጡም።

አራቱ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1. ቅደም ተከተል፦ ክህሎቱ ከቀላል ወደ ከባድ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተገነባ ይሰጣል። ስሜቱን በስም መጥራት ያልቻለ ልጅ ስሜቱን እንዲቆጣጠር ከመጠየቁ በፊት ስሙን እንዲያውቅ ይደረጋል።

2. ተግባር፦ ልጆቹ ንግግር ከማድመጥ ይልቅ በጨዋታ፣ በጭውውትና በቡድን ሥራ ክህሎቱን ራሳቸው ይለማመዱታል።

3. ትኩረት፦ ለክህሎቱ ብቻ የተመደበ በቂና ቋሚ ጊዜ ይኖራል። በስፖርትና በጥናት መካከል በሚተርፍ ደቂቃ የሚሰጥ ምክር እንደ ትምህርት አይቆጠርም።

4. ግልጽነት፦ በዕለቱ የሚማሩት ክህሎት ምን እንደሆነ ለልጆቹ በግልጽ ይነገራቸዋል። "ሥነ ምግባራችሁን አሻሽሉ" ከማለት፣ "ዛሬ ሰውን ሳያቋርጡ ማዳመጥን እንለማመዳለን" ማለት ይመረጣል።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዳቸውም የተንደላቀቀ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት አስቀድሞ የታሰበበት ዕቅድና ዕቅዱን በትዕግሥት የሚያስፈጽም ሰው ነው።

የቺካጎው ተሞክሮ፦ በእጅ የተያዘችው ኳስ

በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ "ዩዝ ጋይዳንስ" በተባለ ድርጅት የሚካሄደውና "ሰው መሆን" የሚል መንፈስ ያለው ስያሜ የተሰጠው የወንድ ተማሪዎች መርሐ ግብር በዘርፉ በስፋት የሚጠቀስ ነው። ተሳታፊዎቹ ችግር በበዛባቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በትምህርት ቤት ውስጥ በአነስተኛ ቡድን ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በተካሄደው ዙር ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ የስፖርት ሥልጠናም ተጨምሮ ነበር።

ከልምምዶቹ አንዱ እንዲህ ይከናወናል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ። ለአንደኛው ኳስ ይሰጠውና በእጁ አጥብቆ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ለሌላኛው ደግሞ ኳሱን በ30 ሰከንድ ውስጥ እንዲያገኝ ይነገረዋል። ልጆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጣት በመፈልቀቅ፣ በመታገልና በመጎተት ይጀምራሉ። ጊዜው ሲያበቃ አሠልጣኙ "ኳሱን ስጠኝ ብሎ የጠየቀ ማን ነው?" ይላቸዋል። አብዛኞቹ ጥያቄ ማቅረብ ጨርሶ ትዝ አላላቸውም። ኳሱን የያዘው ልጅ "ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኳስ ብቻ ስለሆነ እሰጠው ነበር የሚል ምላሽ መስጠቱ የተለመደ ነው። ልምምዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ልጁን የሚያስጨብጠው፣ ስለ ሌላው ሰው ሐሳብ የያዘውን ግምት ሳያጣራ እርምጃ እንደሚወስድ ነው።

በተማሪዎቹ ላይ የተካሄዱት ሁለት ሰፊ ጥናቶች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የመጀመሪያው ጥናት ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የሚማሩ 2 ሺህ 740 ወንድ ተማሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ወደ መርሐ ግብሩ የሚገቡትና የማይገቡት በዕጣ ተለይተዋል። በሁለቱ ጥናቶች መሠረት መርሐ ግብሩ በተካሄደበት ጊዜ ተሳታፊዎች በኃይል ድርጊት ወንጀል የተያዙበት ቁጥር ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀንሷል። በመጀመሪያው ጥናት የተካተቱት ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ክትትል የተደረገባቸው ሲሆን፣ ትምህርታቸውን አጠናቀው የሚመረቁት መጠንም ከ12 እስከ 19 በመቶ ከፍ ብሏል። ተመራማሪዎቹ ለለውጡ በምክንያትነት ያቀረቡት ልጆቹ ከመወሰናቸው በፊት ለአፍታ ቆም ብለው ማሰብን መለማመዳቸውን ነው።

የአገራችን ተሞክሮ፦ ብርሃነ ሔዋን

የቺካጎ ልጆች ከሚገጥማቸው ፈተና እጅግ የተለየ ሁኔታ በነበረበት በአማራ ክልል ገጠር የተካሄደው "ብርሃነ ሔዋን" የተባለው መርሐ ግብርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። መርሐ ግብሩ ከ10 እስከ 19 ዓመት ለሚሆኑ ልጃገረዶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በሞሰቦ በሙከራ ደረጃ ተተግብሯል። በወቅቱ የነበረው የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስቴር፣ የክልሉ የዘርፉ ቢሮና ፖፑሌሽን ካውንስል በጋራ ሠርተውበታል።

በኢትዮጵያ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢሆንም፣ በአካባቢው ልጃገረዶች ገና በልጅነታቸው መዳራቸው የተለመደ ነበር። ለዕድሜያቸው የሚመጥን የጓደኞች ስብስብም ሆነ ምሥጢራቸውን የሚያካፍሉት ታላቅ ሰው ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። በመሆኑም ልጃገረዶቹ በአካባቢው ሴት አሠልጣኞች እየተመሩ በቡድን እንዲሰባሰቡ ተደረገ። በትምህርት ገበታ ላይ ላሉት የትምህርት ቁሳቁስ ሲሰጥ፣ ከትምህርት ገበታ ውጪ ለሆኑት መደበኛ ያልሆነ ትምህርትና የሕይወት ክህሎት ሥልጠና ተዘጋጀ። ወላጆችና የአካባቢው ነዋሪዎችም በማኅበረሰብ ውይይት እንዲሳተፉ ተደርጓል።

በአናቤል ኤሩልካርና በዩኒስ ሙተንጊ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ግምገማ እንዳመለከተው፣ መርሐ ግብሩ በተካሄደበት አካባቢ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሚሆኑ ልጃገረዶች የመዳራቸው ዕድል ለንጽጽር ከተመረጠው አካባቢ ጋር ሲነጻጸር በ90 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘታቸው ዕድልም በሦስት እጥፍ ከፍ ብሏል። በሌላ በኩል ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ የጋብቻው መጠን ከንጽጽሩ አካባቢ በልጦ ተገኝቷል። ይህም ጋብቻው ጨርሶ ከመቅረት ይልቅ ወደ ኋለኛው ዕድሜ መሸጋገሩን የሚጠቁም ነው።

ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛ፣ ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ "አልፈልግም" የማለት ክህሎት ብቻውን አይበቃትም፤ ቃሏን የሚሰማ ወላጅና ጎረቤት ሊኖራት ይገባል። ሁለተኛ፣ በአፍላነት የተጀመረ ድጋፍ በኋለኛው ዕድሜም እንዲቀጥል ካልተደረገ ውጤቱ ሊሸረሸር ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው "ብሩህ ተስፋ" የተሰኘው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረ ሲሆን፣ በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩትንና ከገጠር የመጡትን ጨምሮ ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ልጃገረዶችን ተደራሽ አድርጓል። ሴት አሠልጣኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጃገረዶቹን ይመዘግቡ ነበር። ይህ አሠራር ወደ አዳራሹ መምጣት የማይችሉትን ልጆች በአዳራሹ ተቀምጦ መጠበቅ እንደማይገባ ያሳያል።

የክበባት ድርሻ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተጓዳኝ ትምህርት ክበባት የቆየ ታሪክ አላቸው። የሚኒ ሚዲያ፣ የፀረ ኤድስ፣ የቀይ መስቀል፣ የሴት ተማሪዎች፣ የሥነ ዜጋና የድራማ ክበባት ከመደበኛው ትምህርት ሰዓት ውጪ ተማሪዎችን ሲያሰባስቡ ቆይተዋል። ለክህሎት ትምህርቱም አዲስ መዋቅር ከመዘርጋት ይልቅ ያሉትን ክበባት ማጠናከር ወጪ ቆጣቢ ነው።

ይሁንና ክበባት ብዙውን ጊዜ በዓላትን በማድመቅና መልእክት በማስተላለፍ ይወሰናሉ። ጎበዝ ተናጋሪዎች መድረኩን ሲይዙት፣ ክህሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ዝምተኛ ልጅ ከተመልካች ወገን ይቀራል። አንድ የድራማ ክበብ ስለ ጠብ መጥፎነት ተውኔት ከማሳየቱ በተጨማሪ፣ እያንዳንዱ አባል በተራው የተበዳዩንም የበዳዩንም ሚና እንዲጫወትና የተሰማውን እንዲናገር ቢያደርግ፣ መልእክት ማስተላለፉ ወደ ክህሎት ልምምድ ይለወጣል።

አንድ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል?

ለምሳሌ ያህል ንዴትን ስለ መቆጣጠር የተዘጋጀ የአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ እንደሚከተለው ሊመራ ይችላል። ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ዕለቱ እንዴት እንዳለፈ በአንድ ቃል ይናገራል። አብዛኞቹ "ደህና ነው" ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። አሠልጣኙ በዚህ ጊዜ መናደድ፣ መከፋት፣ ማፈር፣ መቅናት፣ መቆጨት፣ ሆድ መባስ የሚሉትን ቃላት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ልዩነታቸውን ያወያያል። አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ቋንቋ ነው። "ተናድጃለሁ" ያለ ልጅ ጥቂት ሲጠየቅ በእርግጥ ያፈረ ወይም የከፋው ሆኖ ይገኛል። ስሜቱ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ መፍትሔውም አብሮ ይለወጣል።

ቀጥሎ የዕለቱ ክህሎት በግልጽ ይነገራል፦ መቆም፣ መተንፈስ፣ መጠየቅ። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ራሱ ያሳያል። ከዚያም ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ደብተሩ ሳይፈቅድ የተወሰደበት ልጅ ወይም በጓደኞቿ ፊት የተሳቀባት ልጅ የሚያደርጉትን በጭውውት ይለማመዳሉ። በመጨረሻም ምን እንደከበዳቸው ይወያዩና ክህሎቱን በሳምንቱ ውስጥ በቤት ወይም በሰፈር አንድ ጊዜ እንዲሞክሩት የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ሙከራ ነው።

በዚህ ሂደት ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ አለ። በብዙ ቤተሰብ ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ማለቱ የጨዋነት ምልክት ሆኖ ይታያል። ስሜትን መግለጽ የተማረ ልጅ ቤቱ ሲደርስ "ምላሰኛ ሆነ" ቢባል ትምህርቱ ጠብ ይሆንበታል። ስለሆነም ወላጆችን አስቀድሞ ማወያየት፣ ለልጆቹም ሐሳብን በአክብሮት መግለጽን ከድፍረት ለይቶ ማስተማር ያስፈልጋል።

የአሠልጣኙ ኃላፊነት

የመርሐ ግብሩ ዋነኛ መሣሪያ አሠልጣኙ ራሱ ነው። ስለ ትዕግሥት እያስተማረ የሚቆጣ፣ ስለ መደማመጥ እየተናገረ ልጅን የሚያቋርጥ ሰው፣ ልጆቹ ከቃሉ ይልቅ ድርጊቱን ይማሩበታል። በመሆኑም ለአሠልጣኞች ተከታታይ ሥልጠናና ክትትል ሊደረግላቸው፣ በየጊዜው ከመቀያየርም ሊጠበቁ ይገባል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እምነቱን የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነውና።

የልጆች ደኅንነትም በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። ልጆቹ በቡድኑ ውስጥ የሚናገሩት ለሌላ መሳለቂያ እንዳይሆን አስቀድሞ መስማማት አስፈላጊ ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ጥቃት እየደረሰበት መሆኑን ወይም ራሱን ሊጎዳ ማሰቡን ከገለጸ፣ ጉዳዩ በምሥጢር ሊያዝ እንደማይችልና ወደሚመለከተው የጤና ባለሙያ ወይም የሕግ አካል እንደሚመራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊነገራቸው ይገባል። የክህሎት ትምህርት ሕክምናን አይተካም። የተራበ ልጅንም እንዲረጋጋ በመምከር ብቻ ማስተማር አይቻልም።

ውጤቱን ለመለካትም በዓሉ ላይ ስንት ልጅ ተገኘ ከማለት ያለፈ መመዘኛ ያስፈልጋል። ልጆቹ ሳያቋርጡ ይመጣሉ ወይ? በግቢው ውስጥ የሚፈጠረው ጠብ ቀንሷል ወይ? ቀድሞ የማይናገሩት መናገር ጀምረዋል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች በመምህራን መዝገብና ምልከታ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት ተሞክሮዎች የተገኙት ከተለያዩ አገሮችና የኑሮ ሁኔታዎች ቢሆንም በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። በቺካጎ ኳሱን ለመንጠቅ የታገለው ልጅም ሆነ በሞሰቦ ለጋብቻ የታጨችው ልጅ ያስፈለጋቸው፣ በመደበኛነት የሚገናኙበት ጊዜ፣ በቅደም ተከተል የሚለማመዱት ክህሎትና በቅርብ የሚያውቃቸው ጎልማሳ ነው።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" የሚለው አባባል አፍላ ወጣቶች ለቁም ነገር እንደማይደርሱ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ይሁንና ማቡካትን የሚማሩት እጃቸውን ሊጡ ውስጥ ሲያስገቡ ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ወላጆች፣ የወጣት ማዕከላትና ሌሎች ባለድርሻ አካላት ከመጨረሻው ደወል በኋላ ካለው ሰዓት ላይ በሳምንት አንዷን እንኳ በዕቅድ ቢመድቡላቸው፣ ልጆቹ ነገ ለሚገጥማቸው ጠብ፣ ግፊትና ውሳኔ ዛሬ የሚለማመዱበት ቦታ ያገኛሉ።